ለማይገዛ ሰው የሚከፈል የማስታወቂያ ገንዘብ

(በሬዲዮ ከተሰጠ ንግግር)



የዛሬው ንግግራችን ስለ ማስታወቂያ ነው። ይሁን እንጂ የምንናገረው ማስታወቂያ እንዴት እንደሚያምር ወይም እንዴት ብዙ ሰው እንደሚያየው አይደለም። የምንነጋገረው ማስታወቂያው ለማን እንዳይታይ ማድረግ እንደሚገባ ነው። ይህ አነጋገር መጀመሪያ ሲሰሙት እንግዳ ሊመስል ይችላል። ማስታወቂያ የሚያወጣ ሰው ሁሉ እንዲታይለት ይመኛልና፣ አንዳንዱ ሰው እንዳያየው ለምን ይደክማል? ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። መልሱ የሚገኘው በአከፋፈሉ ዘዴ ውስጥ ነው።

የጥንቱ አዋጅ ነጋሪ ነጋሪት እየጎሰመ በገበያ መካከል ሲናገር፣ ነገሩ የሚመለከተውም የማይመለከተውም እኩል ይሰማው ነበር። ጋዜጣና ሬዲዮም ከዚህ ብዙ አይርቁም። በጋዜጣ ማስታወቂያ የሚያወጣ ሰው የሚከፍለው በያዘው ቦታ ስፋት ነው፤ በሬዲዮ የሚያስነግር ደግሞ በደቂቃው ልክ ይከፍላል። ማስታወቂያውን አሥር የማይገዙ ሰዎች ቢያነቡት፣ ወይም አሥር ሺህ ቢያነቡት፣ ሒሳቡ አይለወጥም። በኢንተርኔት መፈለጊያ ላይ የሚወጣው ማስታወቂያ ግን አከፋፈሉ ሌላ ነው። እዚያ ዋጋ የሚከፈለው አንድ ሰው ማስታወቂያውን በጣቱ ጠቅ ባደረገ ቁጥር ነው። ጠቅ ያደረገው ሰው ገዢ ይሁን፣ ተሳስቶ የገባ ይሁን፣ ወይም ሌላ ነገር ፈልጎ የመጣ ይሁን፣ ሒሳቡ እኩል ይቈጠራል። እንግዲህ የማይገዛውን ሰው አስቀድሞ ማራቅ ገንዘብን ማዳን ሆነ ማለት ነው።

የነገሩን አመጣጥ በአጭሩ እንመልከት። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት፣ ዓመተ ምሕረት ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በአሜሪካ ጎቱ የተባለው የመፈለጊያ ድርጅት በ1998 ማስታወቂያ አውጪዎች ለአንድ ቃል እየተጫረቱ፣ በእያንዳንዱ ጠቅታ እንዲከፍሉ የሚያደርግ ዘዴ አስጀመረ። ጉግል ደግሞ አድወርድስ የተባለውን የማስታወቂያ አገልግሎቱን በ2000 አቋቋመ፤ በ2002ም የጠቅታ ጨረታን ተቀበለ። ይኸው አገልግሎት ከ2018 ጀምሮ ጉግል አድስ ተብሏል። አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። ማስታወቂያ አውጪው ቁልፍ ቃላት የሚባሉትን መርጦ ያስመዘግባል። አንድ ሰው በመፈለጊያው ላይ እነዚህን ቃላት፣ ወይም የሚቀርቧቸውን፣ በጻፈ ጊዜ ዐይን ተገልጦ እስኪከደን በማይሞላ ጊዜ ጨረታ ይደረጋል። በጨረታው የሚታየው የቀረበው ዋጋ ብቻ አይደለም፤ ማስታወቂያው ከተጠየቀው ነገር ጋር ያለው ተዛማጅነትም ይመዘናል። ያሸነፈው ማስታወቂያ ከፍለጋው ውጤት ጋር ብቅ ይላል።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ቃል አንድ ሲሆን ፍቺው ብዙ ነውና።

ለምሳሌ ያህል፣ አንድ የጉዞ ድርጅት ከአሜሪካ የሚመጡ እንግዶችን ወደ ጢስ ዓባይ ፏፏቴ ለመውሰድ ፈልጎ፣ በእንግሊዝኛ ብሉ ናይል የሚለውን ስም ቁልፍ ቃል አድርጎ አስመዘገበ እንበል። ለእኛ ይህ ስም ከወንዛችን በቀር ሌላ አያስታውሰንም። በአሜሪካ ግን በ1999 በሲያትል ከተማ የተመሠረተ፣ አልማዝና የጋብቻ ቀለበት በኢንተርኔት የሚሸጥ ብሉ ናይል የተባለ ታዋቂ ንግድ ቤት አለ። በ1981 በግላስጎው ከተማ የተቋቋመ በዚሁ ስም የሚጠራ የሙዚቃ ጓድም አለ። በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን የከፈቷቸው ብሉ ናይል የተባሉ የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶችም አሉ። በሱዳን ደግሞ ብሉ ናይል የአንድ ክፍለ ግዛት ስም ነው። እጮኛውን ለማስደሰት ቀለበት የሚፈልግ ጎልማሳ በእኛ የፏፏቴ ማስታወቂያ ላይ ቢያርፍ፣ ነገሩ ፍየል ወዲያ ቅዝምዝም ወዲህ ይሆናል። ጎልማሳው ተመልሶ ይሄዳል፤ ድርጅቱ ግን የጠቅታውን ዋጋ ይከፍላል።

ሁለተኛ ምሳሌ እንጨምር። ቅሪተ አካሏ በአዲስ አበባ ብሔራዊ ሙዚየም የሚጠበቀው ድንቅነሽ፣ በ1967 ዓ. ም. በሐዳር የተገኘችው፣ በውጭ አገር የምትታወቀው ሉሲ በሚለው ስም ነው። ይሁን እንጂ ሉሲ በአሜሪካ ከ1951 እስከ 1957 ይታይ የነበረ የታወቀ የቴሌቪዥን ጨዋታ ስም ውስጥ ይገኛል፤ በ2014 የወጣ ፊልምም ሉሲ ይባላል፤ የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት ናሳም በ2021 ወደ ጁፒተር አካባቢ ላመጠቃት መንኰራኩር ይህንኑ ስም በድንቅነሽ መታሰቢያነት ሰጥቷታል። እንግዲህ ሉሲ ብሎ የሚጽፍ ሰው ሁሉ የሙዚየም ጐብኚ አይደለም። ስማችን በዓለም መታወቁ ደስ የሚያሰኝ ቢሆንም፣ ለእያንዳንዱ መመሳሰል ከኪሳችን ልንከፍል አይገባም።

ለዚህ ሁሉ መድኃኒቱ አሉታዊ ቁልፍ ቃል የሚባለው ነው። እኛ በዚህ ንግግር የማገጃ ቃል እንለዋለን። ቁልፍ ቃል «ይህን ለሚፈልግ ሰው ማስታወቂያዬን አሳይልኝ» የሚል ትእዛዝ ሲሆን፣ የማገጃ ቃል ደግሞ «ይህን ቃል ጨምሮ ለሚጠይቅ ሰው አታሳይብኝ» የሚል ትእዛዝ ነው። የጉዞው ድርጅት ቀለበት፣ አልማዝ፣ ዘፈን፣ አልበም የሚሉትን ቃላት በማገጃነት ቢያስመዘግብ፣ ከእነዚህ አንዱን ጨምሮ የሚፈልግ ሰው ማስታወቂያውን አያየውም፤ ካላየውም ጠቅ አያደርገውም፤ ጠቅ ካላደረገውም ሒሳብ አይመጣም። የማገጃ ቃል ለማስመዝገብ ደግሞ ምንም አይከፈልም።

ይህ ቁጠባ ምን ያህል ሊሆን እንደሚችል በቁጥር እንየው። ቁጥሩን የመረጥነው ለስሌት እንዲያመች ብቻ ነው። ድርጅቱ በወር 600 ዶላር ቢመድብና አንዱ ጠቅታ 50 ሳንቲም ቢያወጣ፣ በወሩ 1,200 ጠቅታ ያገኛል። ከአራቱ አንዱ ቀለበት ወይም ዘፈን ፈላጊ ቢሆን፣ 300 ጠቅታ በከንቱ ሄደ ማለት ነው። ይህም በወር 150 ዶላር፣ በዓመት 1,800 ዶላር ነው። ከቀሩት 900 ሰዎች መካከል 18ቱ የጉዞውን ዋጋ ቢጠይቁ፣ አንድ ጠያቂ ለማግኘት የወጣው 33 ዶላር ከ33 ሳንቲም ይሆናል። ከንቱው ጠቅታ ከታገደ ግን እነዚያው 18 ጠያቂዎች በ450 ዶላር ስለሚገኙ፣ የአንዱ ጠያቂ ወጪ ወደ 25 ዶላር ይወርዳል። ማስታወቂያው አልተለወጠም፤ የጉዞው ዋጋም አልተነካም። የተለወጠው ማስታወቂያው የቀረበለት ሰው ብቻ ነው።

ይህ ሒሳብ ለአገራችን መሥሪያ ቤቶችና ድርጅቶች ሌላም ትርጉም አለው። ለውጭ አገር ሰው ለሚታየው እንዲህ ላለው ማስታወቂያ የሚወጣው ወጪ የሚሰላው በውጭ ምንዛሪ ነው። የውጭ ምንዛሪ ደግሞ ከቡናና ከወርቅ ሽያጭ፣ በውጭ አገር ካሉ ወገኖቻችን ላብና ከመሳሰለው በድካም የሚገኝ ነው። ከሐምሌ ወር 2016 ዓ. ም. ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ አንዱን ዶላር ለማግኘት የሚከፈለው ብር ከቀድሞው እጅግ የበዛ መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ስለዚህ በሲያትል ቀለበት ለሚፈልግ ሰው የተከፈለ 50 ሳንቲም ከገበሬው የቡና ከረጢት የተወሰደ መሆኑን መዘንጋት አይገባም።

አሁን የማገጃ ቃላትን ዐይነት እንለይ። ሦስት ዐይነቶች አሉ፤ ልዩነታቸውን ሳያውቁ መጠቀም ጉዳት ያመጣል።

የመጀመሪያው ሰፊው ማገጃ ነው። በዚህ ዐይነት የተመዘገቡት ቃላት ሁሉ በጥያቄው ውስጥ ከተገኙ፣ ቅደም ተከተላቸው ቢለዋወጥም፣ በመካከላቸው ሌላ ቃል ቢገባም፣ ማስታወቂያው አይታይም። ሁለተኛው የሐረግ ማገጃ ነው። ይህኛው የሚያግደው ቃላቱ ሳይለያዩ፣ በተጻፉበት ተራ የተገኙ እንደሆነ ነው፤ ከፊታቸው ወይም ከኋላቸው ሌላ ቃል መኖሩ አያድናቸውም። ሦስተኛው ቍርጥ ያለው ማገጃ ሲሆን፣ የሚያግደው ጥያቄው ያለ ጭማሪ ያንኑ ብቻ የሆነ እንደሆነ ነው።

ልዩነቱ በተግባር እንዲህ ይታያል። የጉዞው ድርጅት ምግብ ቤት ፈላጊዎችን ለማራቅ ሬስቶራንት የሚለውን አንድ ቃል በሰፊው አገደ እንበል። በዚያን ጊዜ «ሬስቶራንት በብሉ ናይል ፏፏቴ አጠገብ» ብሎ የሚጠይቀውም ሰው አብሮ ይታገዳል። ይህ ሰው ግን ወደ ጢስ ዓባይ ሊሄድ ያሰበ፣ ምሳውን የት እንደሚበላ የሚያስብ እውነተኛ እንግዳ ነው። ብሉ ናይል ሬስቶራንት የሚለው በሐረግ ቢታገድ ኖሮ፣ የምግብ ቤቱን ስም የሚጠራው ይቀራል፤ የፏፏቴው እንግዳ ግን ያልፋል። እንደዚሁም ብሉ ናይል የሚሉትን ሁለት ቃላት ብቻ ጽፎ የሚፈልግ ሰው ሐሳቡ የማይታወቅ ስለሆነ፣ እነዚህን ሁለት ቃላት በቍርጥ ማገድ ይቻላል። ፏፏቴ ወይም ጉዞ የሚል ቃል የጨመረው ግን አይነካም።

ሌላም ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። መፈለጊያው በቁልፍ ቃል ረገድ እጁ ሰፊ ነው፤ ተመሳሳይ ትርጉም ያላቸውን ቃላት እየጨመረ ማስታወቂያውን ያሳያል። በማገጃ ቃል ረገድ ግን እጁ ጠባብ ነው፤ የተነገረውን ብቻ ይፈጽማል። ቀለበት ተብሎ ቢታገድ ቀለበቶች የሚለው አልታገደም፤ አልማዝ ተብሎ ቢታገድ ጌጣጌጥ አልታገደም። ከ2024 ወዲህ በፊደል ግድፈት የተጻፈውን የታገደ ቃል ጉግል ራሱ እየለየ እንዲያግድ ተደርጓል። ነጠላና ብዙ፣ እንዲሁም ተመሳሳይ ትርጉም ያላቸው ቃላት ግን እያንዳንዳቸው መጻፍ አለባቸው።

ይህ ደንብ በቋንቋችን ላይ ሲደርስ የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል። አማርኛ መነሻና መድረሻ ፊደላትን ከቃሉ ጋር አጣብቆ የሚጽፍ ቋንቋ ነው፤ በእንግሊዝኛ ሁለትና ሦስት ቃል የሚሆነው በእኛ አንድ ቃል ይሆናል። ከዚህም በላይ ድምፃቸው አንድ የሆነ ፊደላት አሉን። ሥልጠና በክፍያ የሚሰጥ አንድ ተቋም ያለ ክፍያ የሚፈልገውን ለማገድ ነጻ ብሎ ቢያስመዘግብ፣ ነፃ፣ በነጻ፣ በነፃ የሚሉት ሊያመልጡት ይችላሉ። ሥራ ብሎ ያገደም ስራ፣ የሥራ፣ የስራ የሚሉትን መጨመር ይኖርበታል። በአማርኛ ማስታወቂያ የሚያወጣ ሰው ማሽኑ ያስተካክልልኛል ብሎ ሳይመካ ሁሉንም አጻጻፍ በዝርዝር ማስገባት ይገባዋል።

የማገጃ ቃላት ከየት ይገኛሉ? ቢባል፣ ምንጫቸው ሁለት ነው። አንደኛው አስቀድሞ ማሰብ ነው። ማስታወቂያው ከመውጣቱ በፊት፣ ይህን ስም የሚጠራ ነገር ግን የእኛ ደንበኛ ያልሆነ ማን ነው? ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ብዙውን ጊዜ ሥራ ወይም ቅጥር ፈላጊዎች፣ በነጻ የሚሰጥ ነገር ፈላጊዎች፣ የቃሉን ፍቺ ወይም ሥዕል ፈላጊዎች፣ አሮጌ ዕቃ ፈላጊዎች፣ በዚሁ ስም የሚጠራ ሌላ ድርጅት ወይም ሥፍራ ፈላጊዎች በዝርዝሩ ይገባሉ።

ሁለተኛው ምንጭ የሆነውን ማየት ነው። ጉግል የፍለጋ ቃላት መግለጫ የሚባል ሰነድ ለማስታወቂያ አውጪው ያቀርባል። ይህም ሰዎች ማስታወቂያው ብቅ ሲልላቸው የጻፉትን ቃል፣ ስንት ጠቅታ እንደተገኘና ምን ያህል ገንዘብ እንደሄደ ያሳያል። ከ2020 ጀምሮ ጥቂት ሰዎች ብቻ የጻፏቸው ጥያቄዎች በመግለጫው ላይ እንዳይወጡ ስለተደረገ፣ መግለጫው ሁሉን አያሳይም። የሚያሳየውን ግን በየሳምንቱ መመርመር ያስፈልጋል። ቤት የሚጠርግ ሰው አንድ ጊዜ ጠርጎ መጥረጊያውን እንደማይጥል ሁሉ፣ ይህም ሥራ አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚጣል አይደለም። ሰዎች የሚጠይቁት ነገር በየጊዜው ይለወጣልና፤ በ2014 ፊልሙ ሲወጣ፣ በ2021 መንኰራኩሯ ስትመጥቅ ሉሲ የሚለው ቃል አዲስ ጠያቂ ማግኘቱን ማሰብ ይበቃል።

የተገኙት ቃላት በአንድ ማስታወቂያ ክፍል፣ በአንድ ዘመቻ፣ ወይም ከ2023 ወዲህ እንደተፈቀደው በጠቅላላው ሒሳብ ላይ ሊመዘገቡ ይችላሉ። ማስታወቂያውን የት እንደሚያወጣ በአብዛኛው ራሱ ማሽኑ የሚወስንበት ፐርፎርማንስ ማክስ የተባለው ዘመቻም፣ በ2021 ሲወጣ ማስታወቂያ አውጪዎች ማገጃ ቃል በቀላሉ እንዲያስገቡበት አልተመቸም ነበር፤ ከ2025 ወዲህ ግን ይህ ተፈቅዷል።

እስካሁን የማገጃ ቃልን ጥቅም ተናገርን፤ ጉዳቱንም መናገር ፍርድ ነው። ወንፊት ዐይኑ ሲጠብ ከእንክርዳዱ ጋር ፍሬውንም ያስቀራል። ለዚህ ትልቅ ትምህርት የሰጠው የ2020 ዓመት ነው። በዚያ ዓመት የኮሮና ወረርሽኝ ዓለምን ሲያስጨንቅ፣ ብዙ ማስታወቂያ አውጪዎች ስማችን ከበሽታ ጋር እንዳይታይ በማለት ኮሮና ቫይረስ የሚለውን ቃል በያዙ የኢንተርኔት ገጾች ላይ ማስታወቂያቸው እንዳይወጣ አገዱ። በዚህም ምክንያት ስለ ወረርሽኙ ትክክለኛ ወሬ ያቀርቡ የነበሩ ጋዜጦች፣ አንባቢያቸው በበዛበት ሰዓት የማስታወቂያ ገቢያቸውን አጡ። በብሪታንያ የጋዜጣ አሳታሚዎች ይህ አሠራር እንዲቀር በይፋ ጠየቁ። ጉዳቱ በጋዜጦቹ ብቻ አልቀረም፤ በጊዜው ሰው ሁሉ የሚያነበው ያንኑ ወሬ ስለነበር፣ ማስታወቂያ አውጪዎቹም ከአንባቢ ፊት ራሳቸውን አራቁ። ቃሉ ክፉ ስለሆነ ሰውየውም አይጠቅምም ማለት እንዳልሆነ ከዚህ እንማራለን።

ስለዚህ አንድን ቃል ከማገድ በፊት ሁለት ነገር ይመርመር። አንደኛ፣ ቃሉ በእውነት የሌላ ሰው ፍላጎት መሆኑ ይረጋገጥ። አንድ ሰው ጠቅ አድርጎ ሳይገዛ ስለሄደ ብቻ ቃሉን ማገድ ችኮላ ነው፤ ምናልባት ጥፋቱ የቃሉ ሳይሆን የራሳችን ድረ ገጽ ዋጋውን ስላልጻፈ ወይም ለመከፈት ስለዘገየ ይሆናል። እንግዳው በሩን አንኳኩቶ የሚከፍትለት ቢያጣ፣ መንገዱን መዝጋት መፍትሔ አይሆንም። ሁለተኛ፣ የሚታገደው ቃል ከራሳችን ቁልፍ ቃል ጋር የማይጋጭ መሆኑ ይታይ፤ ሁለቱ ከተጋጩ ማገጃው ያሸንፋልና ማስታወቂያው ሳይታይ ይቀራል።

በመጨረሻ ለመንግሥት ሠራተኞች አንባብያን የምናሳስበው አለ። ብዙ መሥሪያ ቤቶች ይህን ሥራ የሚያሠሩት በማስታወቂያ ወኪል ነው። ከወኪሎችም ብዙዎቹ ክፍያቸውን የሚቀበሉት ከጠቅላላው ወጪ በመቶኛ ስለሆነ፣ ወጪው ሲቀንስ ገቢያቸው ይቀንሳል። ይህም ማለት ወኪሎች ታማኝ አይደሉም ማለት አይደለም፤ ነገር ግን ቁጠባውን መጠየቅ ያለበት ባለ ገንዘቡ ነው ማለት ነው። በወሩ መጨረሻ የሚመጣው መግለጫ «ማስታወቂያዎ ይህን ያህል ሺህ ጊዜ ጠቅ ተደርጓል» ሲል፣ የሚፈርመው ሹም ሦስት ጥያቄ ይጠይቅ። ጠቅ ያደረጉት ሰዎች ምን ብለው ፈልገው መጡ? ባለፈው ወር የትኞቹ ቃላት ታገዱ፣ ስለ ምንስ ታገዱ? ከመጡት ውስጥ ስንቱ የፈለግነውን ነገር ፈጸመ? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ለመጠየቅ የኮምፒዩተር ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ለጽሕፈት ቤቱ ወረቀትና ነዳጅ ሲገዛ የሚጠየቀው ጥያቄ ይኸው ነውና።

አባቶቻችን ሁሉ አማረሽን ገበያ አታውጧት ብለዋል። ማስታወቂያዬን የዓለም ሕዝብ ሁሉ ይይልኝ የሚል ሰውም እንደ ሁሉ አማረሽ ነው፤ ከገበያ የሚመለሰው ኪሱን አራግፎ፣ ዘንቢሉን ባዶ አድርጎ ነው። የሚፈልገውን ለይቶ የሚያውቅ፣ የማይፈልገውንም ለይቶ የሚናገር ግን ጥቂት ገንዘብ ይዞ ብዙ ይሠራል።